ውሃው የሚሸሽበት ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሃያ አሥራ አንድ። ከጎኔ የሚቀመጠው ጉረኛ አሥራ ዘጠኝ አግኝቶ ወረቀቱን ቀኑን ሙሉ ሲያራግብብኝ ዋለ። በየመሃሉ "ሞቀህ እንዴ?" ይለኛል።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "ደህና ነው" አለች። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ደህና ሆኖ አያውቅም። እህቴ እታለም ከሞተች ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ደህና ነው… ብወድቅም ደህና፣ ባረፍድም ደህና።

አናጺው መጥቶ የወጥ ቤቱን በር ጠግኖ ሄዷል። ማን ጠራው? በሩ ሲጥ ሲል ማን እንደገባ እናውቅ ነበር። አሁን ድምፅ ሳያሰማ ይከፈታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እማዬ "አናጺው አናጺው አትበል፣ ጋሼ በለው" አለችኝ። እንዴት ብዬ? በመጪው ጥር እታለምን ሊያገባ ነበር፤ ባለፈው ግንቦት እሷ ሞተች። ያላገባት ሰው ምኔ ነው?

በምትሠራበት የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ እንዳለች ነው የሄደችው። ሐኪሙ "አንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ" አሉን። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እሱን እያቀፈ አለቀሰ። እኔን ግን ራሴን እየዳበሱ "አይዞህ፣ እናትህን አበርታት" ብለውኝ አለፉ። የኀዘኑ ባለቤት እሱ፣ እኔ የበር ዘበኛ።

እሱ ሦስት ዓመት ነው የሚያውቃት። እኔ አሥራ ስድስት። ሒሳብ ባልችልም ይቺን እችላታለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ምሳ ላይ መጣ። አባዬ ወንበር ሳበለት። የትኛውን? የእሷን። ሌሎች ሁለት ባዶ ወንበሮች እያሉ።

ሾርባው ሳያልቅ ከኪሱ አረንጓዴ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጽሑፉን ከሩቅ አወቅኩት። የእሷ ነው።

"በየካቲት ልሄድ ነው" አለ። "ያን መንገድ።"

ያን መንገድ! የእኔና የእሷን መንገድ ነው እኮ የሚለው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከቢሮዋ ትልቅ ካርታ አመጣችና ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋነው። ተራራው እስከ ባሕሩ ዳር የሚወርድበት አገር። የእማዬን ክር ወስደን መንገዱ ላይ እያጠማዘዝን ለካነው፤ የአንድ ቀን እርምጃ በሆነ ቁጥር ቋጠሮ እናደርጋለን። ሦስት ቀን ሽቅብ፣ ሁለት ቀን ቁልቁል፣ ሁለት ቀን ባሕሩን ይዞ መሄድ፣ በስምንተኛው ቀን ደግሞ ውሃው ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግር ወደ ትንሿ ደሴት። ክሩ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

"ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

"ራሷ ናት የሰጠችኝ። ከሠርጉ በኋላ እንሄዳለን ብላ።"

ከሠርጉ በኋላ… ለእኔ ደግሞ "አሥራ አንደኛ ስትገባ" ነበር ያለችኝ። አሥራ አንደኛ ገብቻለሁ።

እማዬ "ሂድ ልጄ፣ ሂድ። እሷም ደስ ይላታል" አለችው። "እኔም እሄዳለሁ" ስል ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንድ ልጅ ቀብሬ ሌላውን ገደል አፋፍ ላይ አልሰድም።" አባዬ "ሾርባው በረደ" አለ። አባዬ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ስለሚውል ቤት ውስጥ መንገድ ሲዘጋ ጥሩምባ አይነፋም፤ ዞሮ ያልፋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

"ልጄ" አለችው ትናንት። ሦስት ጊዜ። ቆጠርኩ። እኔን አንድም ጊዜ አላለችኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ዛሬ አናጺው ስልኩን ከፍቶ የእታለምን ድምፅ ለእማዬ አሰማት። አራት ደቂቃ ሙሉ። አንድ ደንበኛ ፍየል ይዤ አውሮፕላን ልግባ ብሎ እንዴት እንደተከራከራት እያወራች፣ ራሷ እየሳቀች፣ ሳቋን ውጣ "እ… የት ደርሼ ነበር?" እያለች። እማዬ እያለቀሰች "ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት። ደግሞ ሌላ አለው፤ ብዙ አለው።

ክፍሌ ገብቼ እኔ ጋ ያለውን ፈለግኩ። ሁሉም የተጻፉ ናቸው። "ዳቦ ይዘህ ና።" "ቁልፉን የት አደረግከው ጩጬ?" "ሻወሩን ዝጋ ብያለሁ።" "ዳቦ።" "ዳቦውን ረሳኸው አይደል?"

ድምፅ የለኝም። እዚሁ ትኖር ነበር እኮ፤ ለምን ብላ ድምፅ ትልክልኛለች? ለሩቅ ሰው ነው ድምፅ የሚላከው። ይሄን ሳስብ ትንሽ ቀለል አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ይሄን ልጻፈው ወይስ ይቅር? ለራሴ ነው የምጽፈው። ልጻፈው።

አናጺው ደብተሩን ዘርግቶ ለአባዬ እያስረዳ ነበር። እርሳሱ እንደ ልማዱ ጆሮው ላይ። ሻይ አቅርብ ተብዬ ትሪውን ይዤ ቆሜያለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ፤ የመሻገሪያው ገጽ። በእሷ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "የካቲት 18። ውሃው ጨርሶ የሚሸሸው 4:10። ከዚያ በፊት ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት አሸዋው ክፍት ነው። መሻገሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።"

"ይሄ እንግዲህ በእነሱ አቆጣጠር ነው" አለ። "ባሕሩ የእነሱ፣ ሰዓቱም የእነሱ። በእኛ ሲሰላ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሰባት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ አሸዋው ይከፈትልኛል። እሷ ያልቀየረችውን እኔ ቀየርኩት።"

አባዬ "ጎበዝ" አለው።

ተሳስቷል።

እሷ በውጭ አቆጣጠር ጽፋ አታውቅም። "ደንበኛ አውሮፕላን የሚያመልጠው ስለዘገየ አይደለም፣ ስድስት ሰዓት ስለሚሳሳት ነው" ትል ነበር። ቢሮም ቤትም የምትጽፈው ሁሉ በእኛ ሰዓት ነው። ይቺን አራት ሰዓት ከአሥር ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ከባሕሩ ውሃ የሰዓት ሠንጠረዥ ላይ 10:10ን አንብቤ ስድስት የቀነስኩት እኔ ነኝ። የዚያ አገር ፀሐይ ከእኛ እኩል ነው የምትወጣው፣ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ከአሥር የጠዋት ናት። እሱ የተቀየረውን እንደገና ቀየረው።

ምን አልኩ? ምንም። ሻዩን አቀበልኩት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ቀኑን ሙሉ በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው ዋልኩ። ስምንት ቀን ተጉዞ፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ባሕሩ ዳር ይደርሳል… አሸዋ የለም። ውሃ ብቻ። ደብተሩን ይገልጣል፣ ባሕሩን ያያል፣ ደብተሩን ይገልጣል። ደሴቲቱን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። የመጨረሻዋ ቋጠሮ ለእሱ አትፈታም።

ይበለው። ሁሉንም ወስዶ ይሄን እንኳ ይጣው። ክፉ ነኝ? አንድ ቀን ይርበው እንጂ አይሞት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

አናጺው ቦርሳ ሙሉ የጣውላ ቁርጥራጭ ተሸክሞ ያላለቀው ፎቅ ላይ ደረጃ እየወጣ ይወርዳል አሉ፤ ልምምድ ነው። የፎቁ ዘበኛ "ጣውላው እዚያው ላይ ካልቀረ ለምን ታወጣዋለህ?" ብሎ ጠየቀው። "ለማስጎብኘት" አለው። እማዬ ከመሳቋ የተነሣ መርፌዋን ጣለች። ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም።

እኔ ሳስቃት አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀልድ ሞክሬ "ደህና ነህ?" ነው ያለችኝ።

ወጥቶ ሲሄድ በሩ ላይ "መንገዱን አንተ ትበልጠኛለህ፤ አንድ ቀን አብረን ብናየው?" አለኝ። "ፈተና አለብኝ" አልኩት። ፈተና የለብኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

የጂኦግራፊ መምህራችን፣ በሆዳቸው ምክንያት "ግሎብ" የምንላቸው፣ ዛሬ ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር አስተማሩ። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይሞላል። እጄን ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም።

"አንድ ሰው ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ቢሳሳት… ዳር ቆሞ ይቀራል አይደል?"

"በስድስት?" ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። "በአሥራ ሁለት ቢሳሳት ይሻለዋል ልጄ። ስድስት ማለት ልክ ግልባጩ ነው፤ ጎደለ ሲል ይሞላል። ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?"

ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ ጉብታና ጎድጓዳ ሠርተው ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ሰባት ሰዓት ላይ።

"እዚህ ጋ አሸዋው ገና ይታያል። ዳር ዳሩ ረጥቧል፣ መሃሉ ደረቅ ነው። አሁን የተከፈተ አሸዋና አሁን ሊዘጋ ያለ አሸዋ መልካቸው አንድ ነው። ሰውዬህ 'ውሃው እየሸሸልኝ ነው' ብሎ ይገባል። ውሃው ግን እየመጣ ነው። መሃል ሲደርስ ወደፊትም ውሃ፣ ወደ ኋላም ውሃ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።"

ጉረኛው ዞር ብሎ "ማንን ልትገድል ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሰሌዳው ሳይጠፋ ጉብታውን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ልነግረው ተዘጋጅቼ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጣሁ። ቤት ነበር። የእታለም የጀርባ ቦርሳ ጀርባው ላይ ነበር። ሐምራዊው። አብረን የገዛነው፣ ማሰሪያውን በእኔ ትከሻ የለካችው። እማዬ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ታስረዝምለታለች። "ልክህ ነው ልጄ፣ ልክህ ነው።"

ምላሴን ዋጥኩ። ሰው አንጀቱ እያረረ እንዴት ይናገራል?

እዚያ ሰው አይጠፋም። የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ይኖራል። ቋንቋቸውን አይችልም እንጂ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ጥር 18

አልነገርኩትም። ዳቦ ቤት ተራ ይዤ ስጠብቅ አንድ ነገር ገባኝ። እንዲሞት አልፈልግም፤ አልፈለግኩምም። የፈለግኩት እንዳይደርስ ነው። ግን እሱን ከባሕሩ የሚያስቀር ቃል አፌ ውስጥ ይዤ፣ በየቀኑ እየዋጥኩት፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እሷ ብትሰማ ምን ትል ነበር? "ጩጬ" ብቻ። እየሳቀች አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሥራ ቦታው ሄድኩ። መደቡ ላይ የኤሌክትሪክ መጋዙ ይጮኻል፣ ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ሁሉ ተኝቷል። "ጋሼ" አልኩት። ከዚያ በፊት ብዬው አላውቅም። አልሰማኝም። "ጋሼ፣ ሰዓቱ ተሳስቷል" ብዬ ጮህኩ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን?" አለ። በዚያ ጩኸት መሃል ሁለተኛ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አራት ሰዓቷን፣ ስድስቱን፣ አሸዋውን።

መጋዙን አጠፋ። ጸጥ አለ።

"አሁን ድገመው።"

ያለ ጩኸት ማለት ይከብዳል። ደገምኩት።

ጣውላው ላይ በእርሳሱ አራት ከአሥር ብሎ ጻፈ፣ ሰባት ከአሥር ብሎ ጻፈ፣ መሃላቸው መስመር ሳበ። ያቺን መስመር ትክ ብሎ አያት። አናጺ ነው፤ ልኬት ይገባዋል።

"መቼ አወቅክ?"

"ያን ቀን። ለአባዬ ስታስረዳ።"

"ታኅሣሥ ውስጥ ነበር።"

"አሥራ አራት።"

በጣቶቹ ቆጠረ። አንደኛው ጣቱ አጭር ነው፤ በመጋዝ የሄደ። "ሠላሳ ስድስት ቀን" አለ። "ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ ሻይ እያቀበልከኝ?"

"መጀመሪያ ዳር ላይ የምትቀር መስሎኝ ነበር። እንደሚገድል ያወቅኩት…"

"መቼ?"

"ባለፈው ማክሰኞ።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው። የሚቀጥለው ረቡዕ።"

ሰጋቱራውን በጫማዬ ጠረግኩ።

"ሂድ አሁን" አለኝ። ድምፁ ከፍ አላለም። "ሂድ ወንድሜ። እኔ መጋዝ አጠገብ ቆሜ አልናደድም።"

እሑድ፣ ጥር 24

አልመጣም። ወንበሯ ባዶ ነው። እማዬ ሳህን አስቀምጣለት አነሣችው። "ልጄ ምን ሆኖ ቀረ?" አባዬ "ሥራ በዝቶበት ይሆናል።" እኔ ሾርባዬን አየሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

እማዬ ደወለችለት። "ደህና ነኝ እማማ፣ ሥራ ነው" አላት። አልነገራትም። ለምን አልነገራትም? ቢነግርብኝ እኮ በቃ፣ እንጣላና እንገላገል ነበር። ዝም ብሎ ጨዋ መሆኑ ያናድዳል። በዚህም ይበልጠኛል።

አሁን ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። እሱ የለም፣ የሚያስቅ የለም፣ ድምፅዋን የሚያሰማ የለም። እማዬ ትላንት ብቻዋን "ፍየል ይዤ ልግባ አለኝ" ብላ ጀመረችና ሳትጨርስ ቀረች። የፈለግኩት ይሄን ነበር። አገኘሁት። ምን ላድርገው?

እሑድ፣ የካቲት 1

ዛሬ መጣ። ቤት ግን አልገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ ጠራኝና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄድን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሌላ መጣ።

"ልጠይቅህ" አለኝ። "ለምን?"

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። የወጣው ግን "ወንበሯ ላይ ትቀመጣለህ" የሚል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ተኩል የሆነው ሰው እንዲህ ይላል?

አልሳቀም። "እኔ ደግሞ ልንገርህ" አለ። "ይሄን መንገድ ስጠይቃት ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? 'ጩጬ እዚህ ጋ ድንኳን እንተክላለን ብሏል።' 'ጩጬ በዚህ በኩል ዳገቱ ይከብዳል ብሏል።' ጩጬና እኔ፣ ጩጬና እኔ። ትዳር ልመሠርት ነው እኔ፣ ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጉዞ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ቤታችሁ ስመጣ በሩን ስትከፍትልኝ ጆሮህን ብይዝህ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ትቀናብኝ ነበር?"

"ያንገበግበኝ ነበር።"

ሳላስበው ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ግን ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ደብተሩን አወጣ። የዕቃ ዝርዝሩ ገጽ ላይ "ድንኳን፦ የሁለት ሰው" ይላል። ጣቴን አሳረፍኩበት። "ሁለተኛው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ ብዬ ነበር።"

"ቀኑ እኮ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ነው።"

"ከሠርጉም በኋላ ነው።"

"አልጠየቅካትም?"

"ሰው የሚያውቀውን ነገር ይጠይቃል? አንተስ?"

እኔም አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም እርግጠኛ ነበርን። አሁን የሚመልስልን የለም።

ይቅርታ ጠየቅኩት። "ገና ይቅር አላልኩህም" አለኝ። "ተሻግሬ ስመለስ እነግርሃለሁ።" ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ሰጠኝ። እያንዳንዷን ሰዓት አብረን አየን። አጠገቧ "ጠዋት"፣ "ከሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት አውቶቡስ አለፈ። አንደኛውን የሚነዳው አባዬ ነበር፤ አየን፣ መብራት አበራልን፣ አልቆመም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሄደ። ሐምራዊውን ቦርሳ ይዞ። ከኋላው ሳየው ለአንድ ሰከንድ… ይቅር።

ለምን እሱ? አሁንም እጠይቃለሁ። ተነጋግረን፣ ታርቀን፣ ገብቶኝም እጠይቃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ትምህርት ዝግ ነው። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሳሎን ተቀመጥኩ። አንድ ከአሥር ሲሆን አሸዋው ተከፈተ አልኩ በልቤ። እማዬ ስፌቷ ላይ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ "ምን ሆነህ ነው ዓይንህን ከሰዓቱ ላይ የማትነቅለው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም። የመሻገሪያውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ታኅሣሥ አሥራ አራትንም።

የስፌት መኪናው ቆመ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። "አምላኬ" ብቻ አለች፣ በትንሽ ድምፅ። ከዚያ "ለምን?"

"ልጄ ስለምትይው።"

አየችኝ። ብዙ ጊዜ ሆኗታል እንደዚያ ካየችኝ።

"አንተንስ ምን ልበልህ?" አለች። "ሰው የገዛ እጁን 'እጄ፣ እጄ' እያለ ሲጠራ ይውላል? እሱን ካልጠራሁት ይሄድብኛል። ወጣት ነው፣ ነገ ሌላ ቤት ይገባል፣ የእሷን ነገር ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አንተ የት ትሄድብኛለህ?"

የስፌት ወንበሯን አንሥታ አጠገቤ አመጣችና ተቀመጠች። ሁለታችንም ሰዓቱን አየን። አራት ሰዓት ከአሥር ሆነ። "አሁን ጨርሶ ሸሸ" አልኳት። "እስከ ስንት ነው ያልከው?" "ሰባት ከአሥር።" አምስት ሰዓት። አምስት ተኩል። ጨርቋን እጇ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ መልእክት ገባ። "ተሻገርኩ። ጫማዬ እንኳ አልረጠበም። ጠባቂው ዛሬ ከሰዓት አንድም ሰው አይገባም ብሎ በደሴቲቱ በኩል ገመድ ሲዘጋ ቆሜ እያየሁ ነው። የማዶውም ገመድ እስከ ጉልበት ነው፤ ባላውቅ እዘለው ነበር።"

እማዬ "ክፉ ልጅ ነህ" አለችኝ። ክፉኛ አለቀሰች። ከዚያ እጄን ያዘችና እንዲሁ እንደያዘችኝ ብዙ ቆየች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

እሑድ ነው የተመለሰው፤ ዛሬ ቤት መጣ። አፍንጫው ተልጧል፣ ያነክሳል፣ ወንበር ሳይመርጥ ያገኘው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ። አባዬ የጠየቀው ስለ አውቶቡሶቹ ነው፤ ገደሉ ላይ ሾፌሮቹ መንገድ ይለቃቀቁ እንደሆነ። "የሽቅቡ ቅድሚያ አለው" ሲለው "እንደዚያ ነው የሚገባው" አለ፣ ደስ ብሎት።

በሦስተኛው ቀን ከተራራው ጫፍ ባሕሩን ያየው ጊዜ… ከላይ ሲያዩት ባሕር የተኛ አይመስልም አለ። እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ከሰማዩ ጋር ተጋጥሞ የሚታይ ነው አለ። መርከብ ግድግዳው ላይ እንደ ዝንብ ተለጥፎ። ይሄን ስሰማ ቅናት ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ወጣብኝ። እንዴት እሱ አይቶት እኔ ሳላየው?

ግን ይሄኛው ሌላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ስቀናበት የኖርኩትን ነገር ማንም ሊሰጠኝ አይችልም ነበር፤ ድምፅዋ፣ ሦስቱ ዓመት፣ የድንኳኑ ሁለተኛ ሰው። ባሕሩ ግን እዚያው ቆሟል። ትኬት ይቆረጥለታል።

ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አልነገረኝም። ትዝ ያለኝም አሁን ስጽፍ ነው። ሲሄድ ግን ጆሮዬን ይዞ ጠመዘዘኝ። ያማል እስካሁን።

ሁሉም ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ እማዬ ነበረች የቀረችው። ቀና ሳትል፣ መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች ጠየቀችው። "ያ ድንኳን… ረጅም ልጅ እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል?"

እዚህ ቤት ረጅም ልጅ አንድ ብቻ ነው ያለው።